የሐርቡ ሰው ሥራና ዜማ

አንድ አገር በሌላው ዘንድ የሚታወቀው ራሱ በኾነው ነገር ኹሉ አይደለም፤ ሌሎች አይተው ከተናገሩለት በጥቂቱ ነው። ይህ ነገር ዱሮ በመንገደኛና በአዝማሪ አፍ ይፈጸም ነበር፤ ዛሬ በፊልምና በተቀዳ ዘፈን ይፈጸማል። የወሎ ዕድል በዚህ ረገድ ከብዙ አውራጃ የተለየ ነው። ዘፈን ስለ ቁንጅናው፥ ፊልም ስለ ረኃቡ ተናግረውለታል። ዘፋኙ በወሎ ስም ሲያዜም የሴቲቱን ዐይንና ጠጕር፥ የሰዉንም ገራገርነት ያነሣል፤ የውጭ አገር ፊልም አንሺ ደግሞ ወሎን ለዓለም ያሳየው ሕዝቡ እህል አጥቶ በወደቀበት ሰዓት ነው። ከነዚህ ከኹለቱ መካከል ያለው፥ ይኸውም ሰው ማልዶ ተነሥቶ የሚሠራው፥ ከጎረቤቱ ጋራ የሚጫወተው፥ ማታ ደክሞት ሲመለስ የሚያንጐራጕረው፥ ይህ የዘወትር ኑሮ ግን እስካሁን በቂ ተመልካች አላገኘም ቢባል ከእውነት የራቀ አይኾንም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሐርቡ መውረድ ይበቃል። ሐርቡ በደቡብ ወሎ በቃሉ ወረዳ ያለች፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ከሚሴን ካለፈ በኋላ ኮምቦልቻ ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በ2500 ሜትር ግድም ከፍታ፥ ኮምቦልቻ በ1850 ሜትር ግድም ሲገኙ፥ ሐርቡ በ1500 ሜትር ዙሪያ ትገኛለች። ስለዚህ ከደሴ በማለዳ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ሐርቡ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ከጕልበቱ ላይ ያኖረዋል። በደሴ ዙሪያ ገብስና ባቄላ የሚዘራው ገበሬ ከሐርቡ ገበሬ የሚለየው በአየሩ ብቻ አይደለም፤ በእርሻ ወራቱም፥ በሚበላውም፥ በሥራ ላይ በሚያዜመውም ይለያል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ተነሥቶ፥ ኮምቦልቻን አልፎ፥ ይህን ቆላ እያጠጣ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ መንገዱም ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ ይሄዳል። ወንዙ ለገበሬው ውሃ ሲያመጣለት መንገዱ ሰውንና ወሬን፥ ከጥቂት ዘመን ወዲህም ዘፈንንና ፊልምን አምጥቶለታል።

የቆላው አዝመራ ዋናው ማሽላ ነው፤ ጤፍና ማሾም ይዘራል። ማሽላ ግን የገበሬውን ዓመት ከሞላ ጐደል ይዞ የሚኖር እህል ነው። በበልጉ ዝናም ተዘርቶ በክረምት መግቢያ ሲያድግ በበሬ ሽልሻሎ ይደረግለታል፤ ይኸውም በቡቃያው መካከል ቀለል አድርጎ በማረስ የበዛውን ማሳሳትና አረሙን መገልበጥ ነው። ፍሬው ማሸት ሲጀምር ደግሞ የወፍ ጥበቃ ይመጣል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፥ ወንጭፍ ይዘው፥ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻሉ። ግሪሳ የወረደ እንደ ኾነ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ስለሚጠፋ የልጁ ጩኸት እንደ ጨዋታ ሊቈጠር አይገባውም፤ የቤቱ እንጀራ በርሱ ጕሮሮ ላይ ነው። ጩኸቱም ያለ ዜማ አይኾንም፤ ያለ ዜማ ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ጕሮሮ አይገኝምና። ልጁ በመካከሉ ጥንቅሽ እየላጠ አፉን ያረጥባል፤ ከወዲያኛው ማማ ያለው ጓደኛው ሲቀበለው መልሶ ይጀምራል። ብዙ የአገር ሰው ግጥም መግጠም የተማረው በዚህ ማማ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አጨዳና ውቂያ ይከተላሉ። እርሻው ሲሰፋና እጅ ሲያጥር ባለ ማሳው ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል፤ ወንፈል የኾነ እንደ ኾነም ዛሬ ለባልንጀራው የሠራ ሰው ነገ በፈንታው ይሠራለታል። በደቦ ላይ አንድ አውራጅ አለ፤ የቀረው ሰው ተቀባይ ነው። አውራጁ የሚያወጣው ግጥም የማጭዱን አካሄድ ያስተካክላል፤ ከዚህም በላይ በፊት ለፊት ሊነገር የማይችለውን ነገር ይናገራል። ባለ ማሳው በምሳው ላይ የሰሰተ እንደ ኾነ በግጥም ይወቀሳል፤ የለገመው ጎልማሳ ይሾፍበታል፤ የበረታው ይወደሳል። በዚህም ምክንያት ቂም የሚይዝ ሰው በጨዋ ዘንድ እንደ ነውረኛ ይቈጠራል። በክርስቲያኑ ደቦ ጠላ፥ በሙስሊሙ ደቦ ቀሪቦና ቡና ይቀርባል፤ አጫጆቹ ግን የአንድ ቀዬ ሰዎች ስለ ኾኑ የሚቀባበሉት ዜማ ያው ነው።

የወዳጅነቱ ቦታ ደግሞ ቡና ነው። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪፈጸም ድረስ ጎረቤት ኹሉ በጀበናው ዙሪያ ይቀመጣል፤ የታመመ ይጠየቃል፥ የጠፋች ላም ወሬዋ ይነገራል፥ ከዐረብ አገር የተላከ ገንዘብ ይደርስ እንደ ኾነ ይወራል። በሙስሊሙ ቤት ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ ክርስቲያኑ ጎረቤት አሚን ይላል፤ በክርስቲያኑም ቤት አባ ሲመርቁ ሙስሊሙ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። የሩቅ አገር ሰው ይህን አይቶ ይደነቅ ይኾናል፤ በወሎ ግን በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ኹለቱም ሃይማኖት የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ንጉሥ ሚካኤልም እንኳ መሐመድ ዓሊ ተብለው አድገው ክርስትና የተነሡት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ ነበር። በሌላው አገር እድር የሚባለውን የቀብር ማኅበር የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል፤ የሞተውን ለመቅበር ቅሬው ሲጠራ ሃይማኖት ለይቶ የሚቀር ሰው የለም። ደም የተቃባ ሰው ሲኖርም አበጋሮች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ዳኛው ሕጉን ፈጽሞ የማያደርሰውን ዕርቅ አበጋሩ እንዲያደርሰው በዚያ አገር የሠሩ ሹማምንት ያውቁታል።

እንግዲህ የወሎ ዜማ የወጣው ከዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ዘፈን አራት ዋና ቅኝት እንዳለው የታወቀ ነው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ቅኝት ማለት ከመቃኘት የወጣ ቃል ሲኾን፥ የክራሩ ጅማት እንደ ዜማው ጠባይ የሚወጠርበት ሥርዐት ነው። አራቱም በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ከአራቱ ኹለቱ የወሎ ቦታዎች ስም መኾናቸውን ብዙ ሰው ሳያስተውል ይዘፍናቸዋል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፥ አፋሩና ኦሮሞው ዐማራውም በሰኞ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ገደላም አገር ነው፤ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ውጫሌም በዚያው ትገኛለች። ባቲ የበረኻውን ገበያ፥ አምባሰል የደጋውን ገደል ስም ይዘው ሲገኙ፥ ሐርቡ በነዚህ በኹለቱ መውጫና መውረጃ አጠገብ ተቀምጣ ከኹለቱም ትሰማለች። አንድ የሙዚቃ ተማሪ በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ባቲን ሲለማመድ፥ የሚለማመደው ግመል ነጂና ጨው ነጋዴ የሚያውቁትን አገር ስም ነው።

ካህናቱ በዚህ ነገር ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያስተውሉት አንድ ቁም ነገር አለ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ተከፍሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ የደረሰው በመምህር አፍና በተማሪ ጆሮ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ይተረካል፤ ከዚያ ወዲህ ድጓው በምልክት ተጽፎ ኖሯል። መምህር ቢሞት፥ ደብር ቢቃጠል፥ ከሌላ ደብር የተጻፈ መጽሐፍ ተገኝቶ ዜማው ይመለሳል። በወሎ መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሜዳ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ከየአገሩ ይመጣ የነበረው ተማሪ የያዘው ይህን የጸና ሀብት ነው። የወሎ ሼኾችም በበኩላቸው መንዙማውን አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ አጀሚ በሚባለው አጻጻፍ ጠብቀውታል፤ ከጀማ ንጉሥ ጀምሮ በየሐድራው የሚዜመው ብዙው መንዙማ በብራናና በወረቀት ላይ አለ። የማሽላ ጠባቂው፥ የአጫጁ፥ የፈጪዪቱ ዜማ ግን ምልክት የሚሠራለት ደብተራም፥ አጀሚ የሚጽፍለት ደረሳም አላገኘም። ዕድሜው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ አሮጊቷ ስትቀበር አብሯት ይቀበራል።

በርግጥ ዘፈን ከተቀዳ ብዙ ጊዜ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው፥ የኢትዮጵያ አዝማሪነት በመኪና ሲሰማ የመጀመሪያው ኾነ። ከዚያ ሬድዮ መጣ፤ ከሬድዮ በኋላ ካሴት መጣ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሲቋቋም የወሎው «ላሊበላ» ተብሎ ተሰየመ፤ በሌሊት በየደጁ እየዞሩ ከሚያዜሙት ላሊበሎች ጋራም ስሙ ይገጥማል። ከዚሁ ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን በአገር ኹሉ አሰማችው፤ ዛሬ አምባሰል ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ የሚያስታውሰው የርሷን ድምፅ ነው። በደሴ መንገድ የሚመላለሰው ሾፌር ካሴቱን እየገለበጠ ከሸዋ እስከ ወሎ ያለውን መንገደኛ ኹሉ ያሰማ ነበር። ዛሬ ወጣቱ በስልኩ ሚሞሪ ዘፈን ያስጭናል፤ መረብ ባለበትም ከዩቲዩብ ያያል። በሪያድ ወይም በጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ለእናቷ በኢሞ ስትደውል፥ ከኋላዋ የሚሰማው የወሎ ዘፈን የኾነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገር ግን የተቀዳውና የተሸጠው ከምንጩ ተመርጦ ነው። ካሴት አሳታሚ የሚፈልገው የፍቅሩንና የቁንጅናውን ዘፈን ነው፤ ስለ ሽልሻሎ የሚዜመውን ማን ይገዛዋል ብሎ ይተወዋል። ነጋዴ ስለ ኾነ በዚህ አይወቀስም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፥ ለከዋኙና ለድምፅ ቀጂው መብት ሰጥቷል፤ ይህም መልካም ሕግ ነው። ኾኖም በደቦ ላይ ለብዙ ዘመን የተቀባበሉት ዜማ በአንድ ዘፋኝ ስም ታትሞ በወጣ ጊዜ፥ የቀዬው ሰው ዜማችን ነው ብሎ ለመናገር የሚያቀርበው ማስረጃ ስለሌለው ዝም ይላል። ማስረጃው አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅና የተጻፈ መዝገብ ነበር።

ወደ ፊልም የተመለሰ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጕድለት ያያል። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን ሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው፤ በግድግዳ ላይ ሰው ያለ ሥጋ ሲሄድ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት ባይችል አያስገርምም። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልም ተሠራ። በወሎ ስም ለዓለም የታየው የመጀመሪያው ታላቅ ፊልም ግን የኢትዮጵያውያን ሥራ አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» ያለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ የወሎ ሕዝብ መከራ ከተሸሸገበት ወጣ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብር ሥዕል ጋራ ተቀናብሮ በ1967 ዓ.ም. በዕንቍጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ ፊልም በመንግሥት ነገር ላይ ይህን ያህል የሠራበት አገር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ኹለተኛው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ያኔ የወሎ ክፍል ከነበረችው ከኮረም፥ ከመቀሌም ያነሡት ነው። ያ ሥዕል በዓለም ኹሉ ታይቶ ዘፋኞችን አስነሣ፤ በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ለረኃብተኛው ብዙ ገንዘብ አሰባሰበ። በዚህ የዳነውን ነፍስ ቈጥሮ ማመስገን እንጂ ፊልሙን መንቀፍ አይገባም። ቢኾንም ካሜራው ከመጠለያው ድንኳን ውጭ አልሄደም። ያ ሰው ከመራቡ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር፥ ከዳነ በኋላም ወደ ምን እንደ ተመለሰ፥ ማንም መጥቶ አላነሣውም። ስለዚህ በለንደን ያለ ሰው ዛሬም ወሎ ሲባል የሚያስበው ያንን ንጋት ነው፤ የሐርቡ ገበሬ ከዚያ ወዲህ ስንት አዝመራ እንዳገባ አያውቅም።

ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በሠሩት ፊልም መካከል የገበሬን ቀን እንደ ቀንነቱ ያሳየ አለ። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በሚፋፋምበት ጊዜ በኹለት ሳምንት ያነሣው «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፥ ነገሩ የባለ ርስትና የጭሰኛ ነው። በዚያ ውስጥ እርሻው፥ ከብት ጥበቃው፥ የሴቶቹ ድካም ሳይቸኰል ይታያል፤ ተመልካቹ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ራሱ እንዲቀመጥበት ይደረጋል። ለድንገተኛ ተመልካች ይህ ያሰለቸው ይኾናል። ገበሬ ግን ፊልሙን ቢያይ በሬው ለምን በዚያ በኩል እንደ ተመለሰ ያውቃል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ዳንግሌ»፥ በውጭ አገር «ላምብ» የተባለው፥ እናቱ የሞተችበት ልጅ በግና ድስት ይዞ የሚያሳልፈውን ኑሮ ይናገራል፤ ልጁ ወጥ ማብሰል ስለሚወድ የሚያፍሩበት ዘመዶች አሉት፤ እርሱ ግን ሳምቡሳ እየሸጠ የመኪና መሳፈሪያ ያጠራቅማል። ሞገስ ታፈሰ በፈረንጅ 2019 ዓ.ም. ያወጣው «ቁራኛዬ» ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ተቈራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የዱሮ ሕግ አነሣ። ሕግ ዐዋቂና ሹም የኾነ ኹሉ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው፤ ባላጋራዎች አንድ መንገድ ሲሄዱ፥ አንድ ጥላ ሥር ሲያድሩ፥ ነገራቸው ራሱ ምን እንደሚኾን ያሳያልና።

እንግዲህ ከነዚህ ውስጥ በወሎ ከተሞች ባለ ቪዲዮ ቤት የታየው ስንቱ ነው? በዚያ የበዛው በአማርኛ እየተተረከ የሚታየው የሕንድና የሌላ አገር ፊልም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ደግሞ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ወደ ቤት ገባ፤ በቡና ላይ የኢስታንቡል ሰዎች ጠብና ዕርቅ እንደ ጎረቤት ጠብ ይወራ ጀመር። ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ጥፋት ይቈጥረዋል። ፍርዱ ግን መጣደፍ የለበትም። በእንግዳ አገር ታሪክ ውስጥ የአማት ክፉነት፥ የወንድማማች ቅናት፥ የልጅ ፍቅር ሲታይ ሰው የራሱን ነገር ያይበታል፤ ቡናውንም ጠብቆታል፥ ጎረቤቱንም አልበተነበትም። ያጐደለበት ሌላ ነገር ነው። የሐርቡ ልጅ በሥዕል ሲያይ ያደገው የሌላውን ቤትና የሌላውን ሥራ ስለ ኾነ፥ የአባቱ ሥራ ሊታይ የማይገባው ነገር መስሎ ይታየዋል። በአዲስ አበባ የሚሠራው የፍቅር ፊልምም ገበሬውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ለሣቅ ነው፤ ከባላገር የመጣው ሰው አነጋገሩ ያስቃል፥ ከዚያ ከሥዕሉ ይወጣል።

ወጣቱ መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ በዚህ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ጠቧል፥ ዝናሙም አይታመንም። ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር የሄደው ሰው ብዛት ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሲያስወጣ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመልሰዋል፤ ከነዚህም የወሎ ልጆች ጥቂቶች አልነበሩም። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅና በሌሎቹ ፋብሪካዎች፥ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ፥ ለብዙ ልጃገረድ ሥራ ተገኝቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው፥ ፋብሪካዎቹም ተዘረፉ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የቀረጥ ነጻ ገበያ ከአጎዋ ወጣች። የፋብሪካ ሥራ ሌላም ጠባይ አለው። መኪናው ድምፁ ስለሚበረታ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ አውራጅና ተቀባይ ኾና ልታዜም አትችልም፤ ዘፈኗን በጆሮዋ ሰክታ ብቻዋን ትሰማለች። ጓደኞቿ ከአጠገቧ አሉ፥ የምትሰማውን ግን አያውቁትም።

በዚህ ላይ ያለፈውን ዘመን እያሳመሩ ማልቀስ አይገባም። የወፍጮ ዘፈን ሲወሳ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚዘፈነው ሴቲቱ ገና ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ መጁን እየገፋች እጇ ሲላጥ ነው። ወፍጮ ቤት በየከተማው ሲቆም ያ ዘፈን ሞተ፤ ሴቲቱም አረፈች። ዘፈኑ እንዲኖር ሴቲቱ ወደ መጁ ትመለስ የሚል ሰው እርሱ ራሱ አንድ ሌሊት ፈጭቶ ይሞክረው። የሚያሳዝነው ወፍጮ ቤቱ በቆመበት ዓመት አንድ ሰው መጥቶ፥ እትዬ፥ ያንን ዜማ እስቲ አንድ ጊዜ ያሰሙኝ ብሎ ሳይቀዳው መቅረቱ ነው። ይኸው ነገር ነገ በደቦው ላይ ይደርሳል። የእህል መውቂያ መኪና ወደ ቆላው ሲወርድ ገበሬው ይቀበለዋል፥ መቀበልም ይገባዋል፤ የአውራጁ ግጥም ግን ከዚያ በፊት መጻፍ አለበት።

ይህን ለመሥራት ታላቅ ወጪ አያስፈልግም። ዱሮ ድምፅ ለመቅዳት ጀርመን አገር ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ መቅጃው በማሽላ ጠባቂው ልጅ ኪስ ውስጥ አለ። የጐደለው የሚያዝና የሚሰበስብ ሰው ነው። የወረዳው የባሕል ጽሕፈት ቤት፥ የትምህርት ቤቱ መምህር፥ በደሴና በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ፥ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ሊይዙ ይችላሉ። ካህናቱና ሼኾቹ ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላው የማይተካው ቦታ አላቸው። ሽማግሌዎቹ የሚያምኑት እነርሱን ነው፤ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው አሮጊቷን ዝም ቢያሰኟት ማንም ባለሥልጣን አያናግራትም፤ ይህ የሥራና የአገር ታሪክ ነው ቢሏት ግን ሳታፍር ትናገራለች። ምልክት የለመደ የድጓ መምህርም የአጫጁን ዜማ ሰምቶ ከየትኛው ቅኝት እንደ ኾነ ለመለየት ጆሮው ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው።

ጊዜውም የታወቀ ነው። የወፉ ጥበቃ በጥቅምት፥ አጨዳው በኅዳር፥ ውቂያው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ በሰኔ መጥቶ የአጨዳ ዘፈን ዝፈኑልኝ የሚል ሰው የሚያገኘው የተመሰለ ነገር ነው። ከድምፁም ጋራ የአውራጁ ስም በፈቃዱ፥ ቀበሌው፥ ሥራው፥ ቀኑ፥ ግጥሙም እንደ ተባለው ያለ ማሻሻል መጻፍ ያስፈልገዋል፤ የደሴ ሰው የሐርቡን ቃል ወደ ራሱ አነጋገር እንዳያቀናው። ፊልም የሚያነሣ ደግሞ ቡናውንም፥ ቅሬውንም፥ የመኪና መናኸሪያውንም ያንሣ፤ ሰዎቹ ለካሜራ ብለው የበዓል ልብስ እንዲለብሱ አያድርግ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት በተዘረፈ ጊዜ በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ቅርስ ምን እንደሚደርስበት ታይቷልና፥ ከተሰበሰበው አንዱ ግልባጭ በደሴ፥ አንዱ በአዲስ አበባ፥ ሦስተኛውም ዜማው በተቀዳበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ የአውራጁ የልጅ ልጅ በዕረፍት ሰዓቱ ከፍቶ እንዲሰማው።